ባለ ሁለት መቀመጫዋ አውሮፕላን ለእመት ላቀች በሬ የዘመተችበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ ኢንስፔክተር አስናቀ ማዕረግ በጫኑ በዘጠነኛው ዓመት፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰማይ ጠባቂ ተብለው በተሾሙ በአሥራ አንደኛው ቀን የሆነውን ሁሉ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ ሰሚ ልብ ይስጠው፣ መሳቅ የሚያምረውም ቢኖር አፉን በነጠላው ይክደን።

የዚህ ሹመት ነገር እንዲህ ነው። የፖሊስ አለቆች በመካነ ኢየሱስ ተሰብስበው ሁሉም ሄሊኮፕተር፣ ሄሊኮፕተር ሲሉ፣ አስናቀ ብቻቸውን ብድግ ብለው፣ ሄሊኮፕተር መመኘት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው፤ እሱ ባንድ ጠዋት የሚጠጣውን ነዳጅ ትንሿ አውሮፕላን በወር አትጨርሰውም፤ እሱ ያየውን ሌባ እሷም ታየዋለች ብለው ተከራከሩና ረቱ። ስለዚህም ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ባለ ሸራ ክንፍ፣ ድምፀ ወፍጮ የሆነች አውሮፕላን ለአሥራ አምስት ቀን ሙከራ ተሰጠቻቸው። ምቀኞች በራሪ ባጃጅ አሏት። እሳቸው ግን እንደ ቀደሙት ጀግኖች በፈረስ ስም መጠራት አማራቸውና አባ ቀላል ተባሉ፤ ክብደታቸው መቶ ኪሎ ነበርና አብራሪው ሚሊዮን ከመነሣታቸው በፊት ቁርስ እንዳይበሉ በየጠዋቱ ይማጸናቸው ነበር።

ወእምዝ፣ ከግንቦት ሃያ ሁለት ለሃያ ሦስት አጥቢያ፣ በጋይንትና በስማዳ ወሰን የሚኖሩት እመት ላቀች፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቦራ የተባለውን ቀይ በሬያቸውን ተሰረቁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና ቦራ አንድያ በሬያቸው ነበር፤ ከጎረቤታቸው ከአያ ጣሰው አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ እየተጣመረ በተራ ለሁለቱም ያርስ ነበር። የእመት ላቀች ተራ ግንቦት ሃያ ስድስት ነበረች፤ ማግስቱ መድኃኔ ዓለም ስለሆነ አይታረስም፣ ዝናቡም ደጅ ደርሷል። እርፍ የሚይዝላቸው የእኅታቸው ልጅ በሬው መጥፋቱን ሲሰማ ሥራ ፍለጋ ደብረ ታቦር ገባ። ጣሰውም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እስከ ሃያ ስድስት ጠዋት ቦራ ካልተገኘ ከሌላ ሰው እቀናጃለሁ፤ ልጆቼ ገብስ እንጂ ኀዘን አይበሉም።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን ነው።

እመት ላቀች ንፋስ መውጫ ድረስ መጥተው ከአስናቀ ፊት በቆሙ ጊዜ ኢንስፔክተሩ በአሥር ቀን በረራ የያዙት ነገር ቢኖር ጉንፋን ብቻ ነበርና አፋቸው አደናቀፋቸው፤ በሬውን በቀጠሮው ቀን አመጣለሁ ብለው በማዕረግ ኮከባቸው ማሉ።

ሃያ አምስት ጠዋት ዘመቱ። የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ አብራሪው ሚሊዮን፣ ጸሎተኛ የሆነው፤ መካኒኳ ፅጌረዳ፣ ባለ ሽቦና ባለ ፕላስተር፤ አህዮችን ከመንደርደሪያው ሜዳ የምታባርር ፋንቱ፤ በባጃጅ በምድር የሚከተሉ ሁለት ፖሊሶች፣ ቤንዚን በጀሪካን የታቀፉ፤ ያልተጠራ አንድ ውሻም ነበር።

አውሮፕላኗ ወደ ስማዳ ዝቅ ብላ ስትገባ፣ ለካስ ያገሬው ሰው የመጣችው ከብት ቆጥራ ግብር ልታስጥል ነው ብሎ ኖሯል። የቀበሌው ሽማግሌ ከጉብታ ላይ ወጥተው አወጁ፦ «ቆጣሪ መጣ! ቀንድ ያለውን ሁሉ ወደ ቤት!» በደቂቃ ውስጥ በሬው ከመደብ ሥር፣ ላሚቱ ከማጀት፣ ወይፈኑ ከጎታ ጀርባ ገባ። አባ ቀላል ከላይ ሆነው ይህን አዩና፣ ግርማዬን ፍጥረት ሁሉ ፈራው ብለው ደስ አላቸው።

በዚያ ሁሉ መስክ ግን አንድ ቀይ በሬ ብቻውን ችካል ላይ ታስሮ ቀረ። የሰረቀው የከብት ደላላው ደሴ ነበር፤ የራሱን ሁለት በሬ ሸሽጎ ቦራን ግን ቢነዳው ከየት አመጣኸው ሊባል፣ ቢተወው ሊወሰድ ሆነበትና ተወው። አውሮፕላኗም አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ነፋሱ ስለበረታባት እንደ ጭላት ባለችበት ረጋች፤ ሄሊኮፕተርስ ከዚህ ሌላ ምን ያደርግ ነበር? አስናቀም በድምፅ ማጉያ፦ «ይህ በሬ የማን ነው? ባለቤቱ ይቅረብ!» ብለው አወጁ። ሕዝቡ ሁሉ በሬ የሚባል ነገር አይተን አናውቅም አለ፤ ደሴ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጮኾ፣ በሚካኤል ምሎ ካደ።

አባ ቀላልም ሣሩን አይተው ረግረጉን ሳያዩ እንውረድ አሉ። አውሮፕላኗ ወርዳ እስከ እምብርቷ ጭቃ ዋጣት። ባጃጇ ፖሊሶቹን፣ ፅጌረዳንና ውሻውን ይዛ ደርሳ ሁሉም ቢገፋ ንቅንቅ አላለችም። ቀንበር ተገኘ፤ ቀንበር ግን ሁለት አንገት ይሻል። አስናቀ አንድ በሬ አበድሩን ብለው ለመኑ፤ ሰዎቹ የለንም ብለው ምለዋልና ምን ያድርጉ! ከየቤቱ እምቧ ሲል የሚሰማው ምንድን ነው ቢባሉ የሕፃናት ሳል ነው አሉ።

የዚያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ስለ እመት ላቀች ቀጠሮ አሰቡ፤ ፀሐይም አቆልቁላ ነበር። ኮፍያቸውን ለፅጌረዳ ሰጡ፣ የቀንበሩን ባዶ ወገን በትከሻቸው ያዙ፣ ከቦራም ጋር ተቀናጁ። ሚሊዮን ኋላዋን ገፋ፣ ውሻው ጮኸ፤ ባለ ማዕረጉና ባለ ቀንዱ እያለከለኩ አውሮፕላኗን ከጭቃ ወደ ደረቅ መሬት አወጧት። ቦራን ሊነዱ ሲነሡ ደሴ በሬውን ያሰረበትን አዲሱን ጠፍሩን በቦራ አንገት ላይ አየ፤ ልቡ አልቻለምና በሬው የኔ አይደለም፣ ጠፍሩ ግን የኔ ነው ብሎ ቀረበ። ፖሊሶቹ ከጠፍሩ ጋር እሱንም ወሰዱት።

ሃያ ስድስት ጠዋት፣ ጣሰው በሬውን ይዞ ወደ ሌላ መንደር ሊወርድ ሲል ቦራ ከነአጃቢዎቹ ደረሰ። እመት ላቀች አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ወዲያው ቀንበር የላጠውን የቦራን ጫንቃ አዩ፤ የኢንስፔክተሩንም ትከሻ አዩ፤ ነገሩን ሁሉ ካስነገሩ በኋላ እንባቸውን ጠርገው እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን በሬዬ ላንተ ግማሽ ቀን ውሎልሃል፤ በመቀናጆ የዋለ ውለታ ይመለሳል። አራሽ የለኝም፤ እርፍ ጨብጥ።»

ጣሰው በሬውን አቀረበ። ተማሪ ቤት ከገቡ ወዲህ እርፍ ያልነኩት አስናቀ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትልማቸው እንደ ሰካራም መንገድ እየተንጋደደ፣ መዳፋቸው እየተላጠ፣ ፀሐይ እስክትገባ አረሱ። እመት ላቀች ከፊት ከፊት ገብሱን ዘሩ። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ።

እንግዲህ ክብር ይሁን ለአባ ቀላል፣ ለነፋስ ወዳጅ፣ ለጭቃ ድል ነሺ፣ ለቦራ ባልንጀራ፤ ሰማይ ይጠብቁ ዘንድ ተሾመው ምድር ላረሱ! ዝናቸው ከጋይንት እስከ እስቴ ይነገር፤ ሄሊኮፕተር ያላቸው ሁሉ እርሻቸውን ያሳዩን። የእመት ላቀችም ገብስ በሐምሌ እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ ሳሳ እያለ በቀለ፤ በቀለ ግን።