ሽምግልና በላይኛው መንገድ

ሰው የኖረበትን ከተማ ትቶ ሲሄድ፣ ከተማው ባለበት ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ስመለስ ሁሉም በቦታው ይሆናል ይላል፤ ሱቁም፣ ዛፉም፣ የመንገዱ ጉድጓድም ሳይቀር። ጉድጓድ ደግሞ ይናፍቃል ወይ? ይናፍቃል፤ አትሳቁብኝ። እኔ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር በኖርኩባቸው አሥራ አራት ዓመታት ከቤቴ ደጃፍ እስከ ማታቱ መቆሚያው ያሉትን ጉድጓዶች በስም ባልጠራቸውም በመልክ ለይቼ አውቃቸው ነበር። በዝናብ ጊዜ የትኛው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የትኛው እስከ ጉልበት እንደሚያሰጥም ብትጠይቁኝ ሳልሳሳት እነግራችሁ ነበር። ይኼም እውቀት ነው። ሰርተፍኬት አይሰጡበትም እንጂ።

ሥራዬ ላቪንግተን በሚሉት የሀብታም ሰፈር ነበር፤ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ሞግዚት ነበርኩ። ሳይነጋ ከሳውዝ ሲ በማታቱ ወደ መሃል ከተማ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ማታቱ ሽቅብ። ማታቱ ያልተሳፈራችሁ እንደሆነ፣ ታክሲ ነው፤ ግን ሠርግ ቤትም ነው። ሙዚቃው ጥርስ ያንቀጠቅጣል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሾፌሩ መንገዱ ሲዘጋበት የእግረኛውን መንገድ ይጠቀማል። እኔ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ዳዊቴን በልቤ እደግማለሁ። ከጫጫታ መሃል መጸለይ የተማርኩት እዚያ ነው። እንዲያውም ጸጥ ያለ ቦታ መጸለይ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኝ ነበር።

አገሬ ከገባሁ፣ አዳማ ከልጄ ቤት ከተቀመጥኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ዓመት ናይሮቢ ተመልሼ ስሄድ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ በላይ ሌላ መንገድ ተሠርቶ ጠበቀኝ። መንገድ በመንገድ ላይ! ታችኛው እንደ ድሮው ተጨናንቆ ይተነፍሳል፤ ላይኛው ለሚከፍል ሰው ነው፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። አደባባዩ አጠገብ ግራር ላይ የሚሰፍሩትን አባ ኮዳዎች ዕድሜዬን ሙሉ ከታች ወደ ላይ ነበር የማያቸው፤ ኩሳቸውን እየፈራሁ። አሁን ከላይ ሆኜ ጀርባቸውን አየሁ። ሰው ምን ያላያል።

የሄድኩት ግን ወፍ ለማየት አልነበረም። ናቲ የምንለው ትንሹ ልጄ ናይሮቢ ቀርቶ ዌስትላንድስ ቢሮ ይሠራል፤ ሳሮን የምትባል የአገራችንን ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ዘለቀ ከሞያሌ ናይሮቢ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች አሏቸው። በሰዓት ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ የተላኩት ሽማግሌዎች በታችኛው መንገድ ተይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ቢደርሱ፣ አቶ ዘለቀ በር ላይ ሆነው ተቀበሏቸው አሉ። «የእኔ መኪና ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ በቀጠሮው ይገባል። እናንተ ከሳውዝ ሲ ላቪንግተን ለመምጣት ስንቅ ያስፈልጋችኋል?» ብለው ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡ፤ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። «ያን ቀን ከዘገያችሁ ግን እግዜር ይስጥልን ብለን በዚሁ እንለያይ።»

በሰዓት አቆጣጠር ማሳበብ ደግሞ ናይሮቢ ላይ አይሠራም። ሱዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው።

ናቲ እንቅልፍ አጣ። «ማሚ፣ ሰውዬው ሲሪየስ ነው» ይለኛል። «ፕሊስ፣ ጃም ውስጥ እንዳይገቡ። ሳሮን አባቴ አንዴ አለቀ ካለ አለቀ ነው እያለች ታለቅሳለች።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ጋሽ መኮንን፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ከዘራ ይይዛሉ፤ ንግግር ያውቃሉ። ጋሽ ታምራት መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ መኪናው የእርሳቸው ነው። ወንድም ያዕቆብ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሲሆኑ ከ«አሜን» በቀር ቃል አያባክኑም። የሙሽራ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ ደንቡን አውቃለሁ። ግን ጋሽ መኮንን፣ «ላቪንግተንን እንደ በላይነሽ የሚያውቅ ማን አለ? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው። በር ድረስ አድርሺንና መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ጊዜ አላስለመንኳቸውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጸልየን ወጣን። ላይኛውን መንገድ ያዝን። አቤት ደስ ሲል! የጋሽ ታምራት ስልክ በሴት ድምፅ እየመራን፣ ከታች የቆሙትን መኪናዎች እያየን እንበራለን። አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰን በር ላይ መጠበቃችን ነው እያልን ስንሳሳቅ ሰሌዳው መጣ። በንጉሣችን ስም ወደተሰየመው የመሃል ከተማ ጎዳና የሚያወርድ መውጫ ነው።

ጋሽ መኮንን ከወንበራቸው ተነሱ ማለት ይቻላል። «ታምራት! እዚህ ጋ ውረድ!»

«ስልኩ ቀጥል ነው የሚለው፣ ጋሼ። እስከ መጨረሻው።»

«ስልኩ የማን አገር ሰው ነው? የጃንሆይን ስም እያየን አልፈን በየት ልንሄድ ነው? ገድ ነው እንጂ!»

ጋሽ ታምራት በመስታወቱ አዩኝ። «በላይነሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። አላውቅም ብል ኖሮ፣ ወይም ዝም ብል ኖሮ፣ ይኼን ባልጻፍኩ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። «አሥራ አራት ዓመት የተመላለስኩበት ነው። ከዚያ በቫሊ ሮድ ሽቅብ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።» ጋሽ መኮንንን ያሳሳታቸው ፍቅር ነው። እኔን ያሳሳተኝ ትዕቢት ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ወረድን። ወረድንና ቆምን። ቅዳሜ ገበያ የወጣው ሕዝብ፣ አውቶቡሱ፣ ጋሪው፣ ማታቱው አንድ ላይ አደባባዩን ሞልቶታል። ስልኩ «ተመለሱ» ይላል፤ በየት ይመለሱ? ሩብ ሰዓት ያልኩት ገና ወገግ ሲል በሚሄድ፣ ያውም የእግረኛ መንገድ ላይ በሚወጣ ማታቱ ለካንስ ነበር። መንገዱን አላውቀውም ነበር ማለት ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ነበር የማውቀው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ናቲ በየደቂቃው ይደውላል፤ እኔም «እየደረስን ነው» እላለሁ። አንድ ኃጢአት በሌላ ላይ።

ቦዳ የሚሏቸው ባለ ሞተሮች በመኪኖች መሃል እየተሹለከለኩ መስኮታችንን ያንኳኳሉ። «ማማ! ትዌንዴ?» እንሂድ ወይ ማለታቸው ነው። ሰዓቴን አየሁ። ጋሽ መኮንንን አየሁ። እርሳቸው እኔን አዩኝና ያሰብኩትን አወቁ።

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በላይነሽ!»

«ጋሼ፣ ድሮ ሽምግልና በበቅሎ ይኬድ አልነበር እንዴ?» አሉ ጋሽ ታምራት መሪያቸውን እንደያዙ። «ይኼም በቅሎ ነው። ገብስ አይበላም እንጂ።»

«በቅሎ ልጓም አላት!»

«ልጓሙን ያዡ ሌላ ነው። እርስዎ ወገቡን ይያዙ።»

ጋሽ ታምራት መኪናቸውን መሃል መንገድ ላይ ጥለው መሄድ አይችሉም፤ ሦስታችን ወጣን። ጋሽ መኮንን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ በላዩ ላይ የሚያንጸባርቀውን የቦዳ ሰደርያ አጥልቀው፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር አግድም ይዘው ሲፈናጠጡ የማታቱ ረዳቶች አጨበጨቡላቸው። ወንድም ያዕቆብ ሲነሱ «አሜን» ያሉት ምን ተብሎ እንደሆነ አላወቅሁም። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የማላውቀውን ሰው ወገብ አቅፌ ቫሊ ሮድን ወጣሁ። ዓይኔን ስከፍት ላቪንግተን ነው። ላቪንግተን ነው አሉኝ እንጂ እኔ አላወቅሁትም። እፈልገው የነበረው ጃካራንዳ ዛፍ የለም፤ ግቢዎቹ ሁሉ ፎቅ ሆነዋል። እኔ ዛፍ ስፈልግ ባለ ቦዳው የሕንፃውን ስም ጠየቀኝና በሁለት መታጠፊያ በሩ ላይ አደረሰን። ለአራት ሰዓት አራት ደቂቃ ጉዳይ።

እሰየው ስል ጋሽ መኮንን ከሞተሩ ሊወርዱ ሲሞክሩ ወገባቸው ቋ ሲል ለእኔ ተሰማኝ። ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ቆሙ። መቆሙንስ ቆሙ፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው። ወንድም ያዕቆብ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ብብታቸውን ይዘን፣ በሊፍት ስምንተኛ ፎቅ ወጣን። የሙሽራ እናት ከሽማግሌ ጋር አትገባም ያልኩት ደንብ ሊፍቱ ውስጥ ቀረ።

አቶ ዘለቀ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥሎ ቆጠሩን። «ሦስተኛው ሽማግሌስ?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አሉ ጋሽ መኮንን።

«እሺ። አረፍ በሉ።»

እንግዲህ በእኛ ወግ ሽማግሌ ጥያቄውን ቆሞ ነው የሚያቀርበው፤ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ይላል፤ ባለቤቱ ተቀመጡ ተማክረን እንነግራችኋለን ይላል፤ ሽማግሌው ትንሽ ይግደረደርና ይቀመጣል። ሁሉም ያውቀዋል። ጋሽ መኮንን ቆመው ተናገሩ፤ ያማረ ንግግር ነበር። አቶ ዘለቀም፣ «ሰማን። ተቀመጡ፤ ከቤተ ዘመድ ጋር ተማክረን በሚቀጥለው ወር እንጠራችኋለን» አሉ። ወንድም ያዕቆብ ተቀመጡ። እኔ የጋሽ መኮንንን ክንድ ወደ ሶፋው ሳብ አደረግሁ። አልተንቀሳቀሱም።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልታጠፍ አለኝ» አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም!» አሉ።

«ነገርኩዎት እኮ፤ በሚቀጥለው ወር—»

«ወር ከሆነም ወር እቆማለሁ!»

ወንድም ያዕቆብ አፍረው ተነሱ። የጋሽ መኮንን ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ሕመም ነው። አቶ ዘለቀ ግን እያዩአቸው ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ኧረ ዘለቀ፣ አባት የሚያህሉ ሰው! ነውር ነው!» አሉ።

አቶ ዘለቀ ተነሡ። «ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ» አሉ። «እንዲህ ለሰው ልጅ የሚቆም አላየሁም። ይህን ያህል የሚያስቆም ልጅ መቼም ክፉ አይሆንም። ልጃችን ልጃችሁ ናት። በሉ አሁን ይቀመጡልኝ።»

እልል ልል አፌን ከፍቼ ጋሽ መኮንንን ባያቸው አሁንም ቆመዋል።

«ምን ቀረ?» አሉ አቶ ዘለቀ ግራ ገብቷቸው።

ጋሽ መኮንን ምራቃቸውን ዋጡ። «የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ…»

እርሱም ተቆረጠ። ከጥምቀት ማግስት። ከዚያ በኋላ እኔና የሙሽሪት እናት አቅፈን፣ እንደ ተሰባሪ ዕቃ፣ ጥቂት በጥቂት ሶፋው ላይ አወረድናቸው። ጋሽ ታምራት ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ምሳው ተነስቶ ነበር።

ልጆቹ ተጋብተው ሰላም ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አቶ ዘለቀ የዚያን ቀኑን ነገር ለሰው ሲያወሩ እኔ አጠገባቸው ብሆን መሬት አያለሁ። ብናገር ማንን ልጠቅም? ዝም አይነቅዝም። ጋሽ መኮንንም ቢሆኑ ወገባቸውን ሳምንት ታሽተው ድነዋል። አሁን ሳውዝ ሲ ውስጥ ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ የሚለምነው እርሳቸውን ነው። ባለጉዳዮቹ ጥሩ ጥሩ መኪና ያቀርቡላቸዋል፤ በላይኛው መንገድ እንወስድዎታለን ይሏቸዋል። እርሳቸው ግን በቦዳ ካልሆነ አልሄድም ይላሉ አሉ።