ሻለቃን ለማን አደራ ልስጥ?

ሰው ለእረፍት ሲሄድ ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ቤት አይራብም። አበባ እንኳ በጎንደር ክረምት ደጅ ካወጡት ሰማዩ ያጠጣዋል። ችግር የሚመጣው ቤታችሁ ውስጥ አፍ ያለው ነገር ሲኖር ነው። ከብት ያለው ገበሬ ለዚህ መላ አያጣም፤ ለእረኛ ያስረክባል፣ ወደ አማቱ ይነዳል፣ ካልሆነም ከነጭራሹ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ውሻ ያለው ሰው ጎረቤቱን «እባክህ ቁራሽ ጣልልኝ» ካለ በቂው ነው። ድመት ያለውስ? «ድመቴን የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብላችሁ ለጎንደር ሰው ንገሩት እስቲ። መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ጤንነታችሁን ይጠይቃል።

እኔ ቀሐ አካባቢ የምኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሚስት የለኝም፤ ይኸ ራሱን የቻለ ሌላ ወግ ስለሆነ ዛሬ እንለፈው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ሻለቃ ብቻ ነው። ሻለቃ ድመቴ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ገና ግልገል ሳለ ዝናብ አባሮት በመስኮት ገባና፣ ተለምኖ እንደመጣ ሰው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ጎብኝቶ፣ ከሁሉ የሚሻለውን ወንበር ያዘ። እንዲህ ያለ ፍጡር ከሻለቃ በታች አይሾምም። አይጥ ይይዛል ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ሻለቃና አይጦቹ እኔ ቤት ተከባብረው ይኖሩ ነበር። ጠዋት ወተት፣ ማታ ወተት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት የመጣ ትርፍራፊ የሚቀርብለት ባለማዕረግ አይጥ ኋላ ምን አሮጠው? እወደዋለሁ። ጎልማሳ ሰው ድመት እወዳለሁ ሲል እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ሳቁ። ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ሐዋሳ ያለችው እህቴ ጽጌ የአውሮፕላን ትኬት ላከችልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዓይንህን ልየው አለች። እኔ ማንገራገር ጀመርኩ። ምን ያስርሃል፣ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ ብላ ተቆጣች። ድመት አለኝ ማለት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

እናም አደራ ተቀባይ ፍለጋ ወጣሁ። የአይከል ተወላጅ የሆነ ባልደረባዬ፣ አባቴ ዘንድ ልውሰድልህ አለኝ፤ ጎተራው በአይጥ ተሞልቷል፣ ጠግቦ ይከርማል አለ። በዓይነ ኅሊናዬ ሻለቃን በእህል ከደለበ የአይከል አይጥ ፊት አቆምኩት። የሚሮጠው ማን እንደሚሆን ስለታየኝ አመስግኜ ተውኩት። የሰፈራችን ባለሱቅ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርገህ ሂድ፣ ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አይወድም አለችኝ። ይኼኛው አመመኝ። እሷ ዘንድ ሳሙና መግዛት ካቆምኩ ይኸው ስንት ጊዜዬ።

የቀሩት መሪጌታ ይትባረክ ነበሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ መሪጌታም ጎረቤቴ ናቸው፣ አጥራችን አንድ ነው። ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ ሄድክ አትሉኝም? መሪጌታ በሰፈራችን ደብር የድጓ መምህር ናቸው፤ ባገኙኝ ቁጥርም ቤተ ክርስቲያን የማልመጣበትን ምክንያት ይጠይቁኛል። አሥራ አንድ ዓመት ጠይቀውኛል። እኔ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ተወልጄ፣ ደጀ ሰላሙን በየቀኑ እያለፍኩ፣ የምገባው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው። እሱም ሙሽራው ወይም ሟቹ የቅርብ ሰው ሲሆን። መሪጌታ ተቆጥተው አያውቁም። «መምህር፣ ደጁ እኮ አይናከስም» ይሉኛል፤ ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ጉዳዬን ንስሐ እንደሚሰማ ሰው አቀርቅረው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ የእንስሳ አደራ ከሰው አደራ አያንስም አሉና ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅም ሸጋ ነው፣ ምን ችግር አለ አሉ። እኔም አንድ ገጽ ሙሉ መመሪያ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ወተት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወተት፣ ወተቱ ለብ ያለ ይሁን፣ ነጎድጓድ ሲኖር ራሱን እሹልኝ። ወተት የምታመጣዋን ሴትም በየቀኑ እነሱ ቤት እንድታደርስ ተስማማኋት። እንዲህ ያለ ዝግጅት አገር የሚመሩ ሰዎችም አያደርጉም። ሻለቃ ግን ሻንጣዬን አይቶ ጀርባውን ሰጠኝ። እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መኪናው ውስጥ ወደ ኋላ ስዞር ነበር።

ሐዋሳ እንደደረስኩ መደወል ጀመርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ስልክ ላይ ቃል አያበዙም። በላ? በላ። ተኛ? ተኛ። ይፈልገኛል? እዚህ ላይ ወጡ አረረብኝ ብለው ይዘጋሉ። እኔ ከጓሮ ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ይህን ሁሉ ስጠይቅ፣ እህቴ ለካ በመስኮት ትሰማኛለች። ማታ ለባሏ ወንድሜ ተደብቆ ልጅ ወልዷል አለችው፤ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ምግብ ስታቀርብልኝ ለምን በዓይኗ እንደምትጠቅሰኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።

አንድ ቀን የእህቴ ባል ሐይቁ ዳር ወሰደኝና የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ። ጾም አይደለም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ዓሣ ጾም ነው ብሎ ይከራከረኝ ጀመር። እኔ የሃይማኖት ክርክር አልወድም፤ ስለዚህ በላሁ። ጭራው ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር አነቀኝ። አጥንት እንዳይመስላችሁ። ጾም! የምን ጾም? ፍልሰታ! ሕፃናት እንኳ ወተት የሚተዉበት ፍልሰታ ገብቷል፤ እኔ ደግሞ ድመቴን ከነወተቱ መሪጌታ ቤት አስቀምጫለሁ። የዓለምን ዝናብ ወር በወር የማስተምር ሰው ሐምሌን ነሐሴ እንደሚከተለው አላሰብኩም። ይህን ስሕተት የውጭ አገር ሰው ቢሠራው ይታለፍለታል፤ የጎንደር ሰው ሲሠራው ምን ይባላል?

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ደወልኩ። ወተቷስ ስላቸው እትዬ ጥሩወርቅ ገረማቸው።

«ምነው መምህር? ሴትየዋን ከፍልሰታ በኋላ ነይ ብያታለሁ። በዚህ ጾም ወተት የኔን ደፍ ይለፍ?»

ታዲያ ምን ይበላል አልኩ። እኛ የምንበላውን አሉ። መቼ አልኩ። እኛ ስንበላ አሉ። እነሱ የሚበሉት ዘጠኝ ሰዓት ነው። እጄ ላይ ያለውን የዓሣ ጭራ አየሁት። አስተማሪው ሐይቅ ዳር ዓሣ ይግጣል፣ ድመቱ ጎንደር ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ ከዚያ በሽሮ ይፈታል።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወልኩ። ሻለቃስ? ሸጋ ነው። ድምፁን አሰሙኝ እስቲ? ወጥቷል። የት? ስልኩ ተቋረጠ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም፣ ሸጋ ነው፣ ወጥቷል። መሪጌታን ልጠይቅ ብል እሳቸው ደብሩ ውስጥ ሱባኤ ገብተዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ሰው ከሞተ፣ ሩቅ ላለው ዘመድ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ደህና ነው ይባላል፣ ወጣ ብሏል ይባላል። ሰውየው አገሩ ሲገባ ቤት አስቀምጠው፣ እህል አቅምሰው፣ ከዚያ ነው የሚያረዱት። እኔም ነገሩ ገባኝ። ሻለቃ በሽሮ ሞቷል። እኔን ሐዘን ላይ እንዳልወድቅ እየጠበቁኝ ነው። አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ፤ የእህቴ መታጠቢያ ቤት ምስክር ነው።

ትኬቴን አስቀይሬ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ተነሣሁ። ጽጌ ለምን እንደምሄድ አልጠየቀችም። ዓይኔን አይታ፣ አሞታል እንዴ ብቻ አለችኝ። እኔም እንጃ፣ ፈርቻለሁ አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ነገር ከትታ፣ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ ብላ አቀፈችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስከፍተው ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ሰማያዊ ሹራብ ነው። ያን ጊዜ ነው የጥቅሻው ሁሉ ትርጉም የተገለጠልኝ።

ጎንደር ደርሼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስገባ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ከበሩ ጀምሮ ዓይኔ ሻለቃን ይፈልጋል፤ የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ሳሙኝና ወንበር ሰጡኝ። እንቁላል ጠብሰው አቀረቡ።

«መጀመሪያ ቅመስ፣ መንገደኛ ነህ።»

ይኸው ሥርዓቱ ተጀመረ አልኩ። አንድ ጉርሻ እንደምንም ዋጥኩና፣ እትዬ፣ ወንድ ነኝ፣ ይንገሩኝ አልኳቸው። ምኑን አሉ። ሻለቃን አልኩ። ሳህኑን ወደ እኔ እያስጠጉ መለሱልኝ።

«ሻለቃማ ሥራ ላይ ነው።»

ሥራው ያለው ደብሩ ውስጥ ነው። በምእመናን የሚመጣው፣ ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነው የመገበሪያ ስንዴ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት አለ፤ ለዓመታት አይጥ ያስቸገረው። እዚያ ስገባ ሻለቃ ከሁለት ኩንታል ስንዴ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ግን ዓይኑ ላይ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ቁም ነገር አለ። ወርዶ እግሬን ታከከኝ። አነሣሁትና፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ቄሰ ገበዝ ፊት መሆኔን ረስቼ፣ ፊቴን ጠጉሩ ውስጥ ቀበርኩ።

ነገሩን መሪጌታ አስረዱኝ። ሱባኤ ሲገቡ ሻለቃ ተከትሏቸው መጣ። ሽሮ አልስማማ ያለው ሻለቃ ያን ዕቃ ቤት ሲያይ የአያቶቹ ሙያ ትዝ አለው። በሦስት ቀን ውስጥ አይጦቹ ደብር ቀየሩ። ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤተልሔም ውስጥ አይገባም፣ ወሰኑን ያውቃል አሉኝ። ካህናቱም ሻለቃ የሚለውን የጦር ማዕረግ ትተው ትንሹ ገበዝ ይሉታል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኔው ግን ዓመሉን ያስታወሰው ከመነኮሰ በኋላ ነው።

«ተከትሎኝ መጣ፤ ምን ላድርግ?» አሉ መሪጌታ፣ እኔን እኔን እያዩ። «ደጁን የፈለገ አይመለስም።»

ወደ ቤት ወሰድኩት። ለብ ያለ ወተት፣ የራሱ ወንበር፣ ሁሉም እንደነበረ። ወተቱን ጠጣ፣ አመሰገነ፣ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። በማግስቱም መለስኩት፤ በማግስቱም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ተሸነፍኩ። የእህቴን ሰማያዊ ሹራብ ወስጄ ስንዴው ላይ አነጠፍኩለት። ጽጌ ስትደውል፣ ሹራቡ ልክ ሆነለት ወይ አለችኝ። ተመቸው አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ውሸት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሻለቃን ማየት ስፈልግ ወደ ደብሩ እሄዳለሁ። በየጠዋቱ ማለት ነው። የዕቃ ቤቱ በር ግን የጠዋቱ ጸሎት፣ ኪዳን፣ ሳያልቅ አይከፈትም። ቆሜ መጠበቅ አለብኝ፤ ከቆምኩ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ መቆም አለብኝ፤ ነጠላ ያጣፋ ሰው ዝም ብሎ ግድግዳ ሲያይ ያስነውራል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለካህኑ የሚመለሰውን ተሰጥኦ ለመድኩት። ኪዳን ሲያልቅ ሻለቃ ይወጣል፤ ከቅጥሩ ውጪ ወተቱን ይጠጣል፤ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር። በእሱ መሪጌታ አይደራደሩም።

በጥቅምት አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ አጥሩ ሥር ምስር ይለቅማሉ። እኔም ድመት ሰውን ተከትሎ እስከ ደብር መሄዱ ይገርመኛል እያልኩ አወራላቸው ጀመር። ሳቃቸው ምስሩን በተነው።

«አንተ ሞኝ፣ የምን መከተል? ያ ቀብራራ በዚያ ዝናብ እግሩን ጭቃ ያስነካል? መሪጌታ ናቸው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው የወሰዱት። ምነው፣ የሰው አደራ የት ይወስዱታል ብላቸው፣ ጥጃዋ ከታሰረች ላሟ የት ትሄዳለች አሉኝ።»

ላሟ እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው። ልቆጣ አሰብኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዴት በላም ይመሰላል ብዬ ለመሪጌታ የምናገረውን ሁሉ ሌሊቱን ሳዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የወተት ጠርሙሴን በብብቴ ይዤ፣ ኪዳን እንዳያመልጠኝ ወደ ደጁ ስጣደፍ ራሴን አየሁት፤ የመሪጌታ ምሳሌ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?