የጋሽ ዱጉማ ብሎኖችና የሥርጉት ኦፓል

ቀበሌ የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሁሉን ካልጠገንኩ የሚል ጡረተኛ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። የአቃቂው ሰፈር ጡረተኛ ክቡር ጋሽ ዱጉማ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ብረታ ብረት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ከጎረቤት ጋር የሚኖሩበት ግቢ በሙሉ እጃቸው ላይ ወደቀ። አገሩ አንድ ለአምስት ሲደራጅ እሳቸው አንድ ለሃምሳ ሆነው ተገኙ።

ሬዲዮ፣ የበር ቁልፍ፣ የእንግዳ ጃንጥላ ሳይቀር ፈተው ይገጥማሉ። ገጥመው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋል። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ይሉና የወተት ጣሳቸው ውስጥ ጣል ያደርጉታል። ጣሳው ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ዕቃውም እንደምንም ይሠራል።

ጎረቤታቸው ሥርጉት ይህን እያወቀች ነው ኦፓሏን፣ ያን የከበረ ድንጋይ፣ እንዲያለሰልሱላት የሰጠቻቸው። ድንጋዩን ወንድሟ ከደላንታ የላከላት ለልጇ ለእድላዊት የሠርግ ቀለበት እንዲሆን ነበር። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ጋሽ ዱጉማ ድንጋዩን በመዳፋቸው መዘን አድርገው፣ «ብረት ያልከበደኝን ድንጋይ ይከብደኛል?» አሉ።

እውነት ለመናገር ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነበር። ማሽን ያግለዋል፣ ሙቀት ይሰነጥቀዋል ብለው በእጃቸው ያዙት። አቧራው ሳንባ እንዳይጎዳ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እያረጠቡ፣ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ወደ ለስላሳው እየተሸጋገሩ ሦስት ቀን ፈተጉት። ድንጋዩ አረንጓዴና ቀይ እሳት ተፋ። መጨረሻ ላይ ግን የፋብሪካ ልማድ አሸነፋቸው። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ጥለው ምሳቸውን እንደሚበሉት፣ ኦፓሉንም ውሃ ውስጥ ጥለው ምሳ በሉ። ሲመለሱ ቀለሙ የለም። የቀረው የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ ነገር ነው።

ሥርጉት መጥታ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው።

«ቀለሙስ፣ ጋሽዬ?»

«አላውቅም» አሉ።

ግቢው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሌላው እሳት ዳር ይቀመጥ ሲል፣ ሥርጉት ደላንታ ደወለች። ወንድሟ ሳቀ። ያ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል አላት፤ ጥላ ውስጥ ራሱ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ፀሐይም እሳትም ካየ ይሰነጠቃል፣ ታገሡት አለ።

ታገሡት። ጋሽ ዱጉማ ግን መፍቻቸውን ሰቀሉ። ቧንቧው ቢያንጠባጥብ ቀና ብለው አላዩም። ሥርጉት ለድንጋዩ ስትጨነቅ ሰንብታ፣ የግቢው ዝምታ ይብስ ያስጨንቃት ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ቀለሙ እንደ ነበረ ተመለሰ። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። እሳቸው ግን «ያዳነው ወንድምሽ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ሥርጉት ከደህናው የኤሌክትሪክ ምድጃዋ እግር ላይ አንድ ብሎን ፈታች፤ ኪሷ ከተተችና ምድጃውን ተሸክማ ሄደች።

«ጋሽዬ፣ እግሩ ይነቃነቃል። ከእርስዎ በቀር ለማን እሰጣለሁ?»

ማታውኑ ራሳቸው ይዘውላት መጡ።

«ይኸውልሽ። ዛሬ ምንም አልተረፈም፤ እንዲያውም ከጣሳዬ አንድ ጨመርኩበት» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ሥርጉት ኪሷ ውስጥ ያለውን ብሎን እንደጨበጠች፣ «ፋብሪካው አሳንሶ ነዋ» አለች።