የቀረችው ሁለት በመቶ

በአገራችን ያልተጠናቀቀ ፕሮጀክት የለም። ያልተጀመረ ሊኖር ይችላል፤ የተጀመረው ግን ሁሉም ዘጠና ስምንት በመቶ ተጠናቋል። ይህን ለማረጋገጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት አያስፈልግም፤ ሬዲዮ መክፈት ይበቃል። ድልድዩም ሆነ የውኃ ጉድጓዱ፣ የጤና ጣቢያው ጣሪያም ሳይቀር፣ የቀረችው ሁለት በመቶ ናት። ይህች ሁለት በመቶ ግን ከዘጠና ስምንቱ ይልቅ ዕድሜ አላት፤ ሹም ይሻራል፣ ሹም ይሾማል፣ እሷ አለች።

ከእያንዳንዷ ሁለት በመቶ ጀርባ አንድ ሰው አይጠፋም። ሱፉ በሐሩርም በክረምትም ያው ነው። ከፕሮጀክቱ ይልቅ ምረቃውን፣ ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያው ላይ የሚጣለውን ጨርቅ ጠንቅቆ ያውቃል። አንባቢ ይህን ሰው አላገኘሁትም ቢል የቤተ ክርስቲያኑን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ይመልከት። በወላይታ ሶዶ ግን የዚህ ዘር አውራ፣ የመቶኛ ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ፤ በሥራ መደባቸው የኤሌክትሪክ ፕሮጀክቶች አስተባባሪ፣ በሕዝብ ቋንቋ ደግሞ «ዘጠና ስምንት»።

ይህን ስም ያወጣችላቸው የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች መሐንዲሷ ዓመለወርቅ ናት ይባላል። እሷ አላመነችም፤ አልካደችምም። ዓመለወርቅ ከጉራጌ አገር መጥቶ በሶዶ ገበያ ብረታ ብረት የሚሸጥ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ አንዲት የጋን ቁልፍ እንኳ ገዢው ፊት ከፍቶና ዘግቶ ሳያሳይ አይሸጥም፤ «ያልተሞከረ ቁልፍ ብረት ነው» ይል ነበር። ልጅቱ ከዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር ተምራ ተመለሰች፤ ከዚህ የበለጠ ግን አልተማረችም። እንዲህ ያለችው ሴት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሥር ተመደበች። መሥሪያ ቤቶች ሰውን ከሰው የሚያጋቡበት ጥበብ እንዲህ ነው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ፕሮጀክትን የሚመዝኑት በዋጋው ነበር። ዕቃው ወደብ ሲደርስ ሠላሳ በመቶ፤ ሳጥኑ ሶዶ ሲራገፍ ስልሳ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሰማንያ፤ መሣሪያው ቦታው ላይ ሲታሰር ዘጠና ስምንት። መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ መፈተሽ፣ ሁለት። ለምን ሁለት ብቻ ብላ ዓመለወርቅ ስትጠይቃቸው፣ ፍተሻ ግዢ የለውም፣ ግዢ የሌለው ሥራ ደግሞ ሚዛን አይደፋም ብለው እንደ አባት አስረዷት። ቀጥለውም ያችን የታወቀች ቃላቸውን ደገሙላት፤ «በመርህ ደረጃ አልቋል። የቀረው የማጥራት ሥራ ነው።»

ገሱባ ላይ ምሰሶዎች ተተክለው ሽቦ ሳይዘረጋ በፊት መስመሩን አስመርቀዋል፤ ሽቦው የማጥራት ሥራ ነበር። ቢጠና ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር አስመረቁ። ያን ቀን መብራቱ እንደ ታዘዘ ሁሉ በንግግራቸው መሐል ጠፋ። ጄኔሬተሩ ዝም አለ። ሕዝቡ ጄኔሬተሩን አየ፣ ጄኔሬተሩም ሕዝቡን። ለካስ ነዳጅ በሌላ የበጀት ርእስ ስለሚገዛ አልተሞላም ነበር። እርሳቸው ግን ሳይደናገጡ፣ አውቶማቲክነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ነዳጁ ብቻ ይቀረዋል አሉ፤ ተጨበጨበላቸው።

እንግዲህ ከሚሌኒየሙ ማግስት፣ አገሩ ሁሉ መሠረታዊ የአሠራር ለውጥ በሚልበት ዘመን፣ የሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ በኮምፒዩተር እንዲታዘዝ ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ አንድ መስመር ሲበራ ወይም ሲጠፋ ሠራተኛ ወደ ግቢው ወጥቶ ብሬከሩን በእጁ ይነካ ነበር። ከእንግዲህ ፈጠነች የተባለችው የፈረቃ ሠራተኛ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጣ ስክሪን ላይ የመስመሩን ስም ስትጫን ብሬከሩ ይታዘዛል። ከውጭ የመጣው ተቋራጭ መሣሪያውን አሰረ፣ የትእዛዝ ሽቦዎቹን ሣጥኖች በማኅተሙ አሸገ፣ የመስመሮቹን ሥዕል አስረክቦ ሄደ። ዘጠና ስምንት በመቶ።

ዓመለወርቅ የቀረችውን ጠየቀች። እያንዳንዱን መስመር ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ፣ አንድ ሰው ስክሪኑ ዘንድ፣ አንድ ሰው ብሬከሩ ዘንድ ቆሞ፣ የታዘዘው መታዘዙን በዓይን ማየት። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ምረቃ በደረሰበት ሳምንት ከተማ ማጨለም የገጽታ ግንባታን ይጎዳል ብለው ከለከሉ። ስትነተርካቸውም፣ «ልጄ፣ አንቺ ሰርግ ቤት ገብተሽ ሙሽራዋ ጥርስ አላት ወይ ብለሽ የምትጠይቂ ሰው ነሽ» አሏት። ቢሮው ሳቀ። ዓመለወርቅ አልሳቀችም፤ እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ድንኳኑ ሥር ታፍኖ ቢቀር ምን አለበት ብላ በልቧ ተመኘች።

ለምረቃው የታሰበው እንዲህ ነበር። የቦምቤ መስመር ጠዋት በእጅ ይጠፋል። የክብር እንግዳው ስክሪኑ ላይ «ቦምቤ» የሚለውን ሲጫኑ፣ እዚያ ገበያው መሐል የተሰቀለ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ይበራል፤ የቦምቤ ሕዝብም በስልክ እልል ይላል። ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ሳለ በዋዜማው ነፋስ ገሱባ መስመር ላይ ስኒ ሰበረ፤ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ ማለት ነው። የመስመር ሠራተኞች አለቃ ቦሼ ማልዶ የገሱባን መስመር በእጁ አጠፋ፣ ጓዶቹን መኪና ላይ ጫነ፣ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለዓመለወርቅ፣ «ኢንጂነር፣ ምሳ ለእኛ ይቀመጥ። ንግግሩን ለእንግዳ ስጡ፣ ሥጋውን ለእኛ» አላት።

አቶ ሀብተጊዮርጊስም ለክብሩ ቀን አንድ ነገር አሳምረው ነበር። በዚያ ጣቢያ ብሬከሮቹ ላይ ስም ተጽፎ አያውቅም፤ ሠራተኛው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ ይቆጥራል፣ መጀመሪያ ሶዶ ከተማ፣ ቀጥሎ ቦምቤ፣ ቀጥሎ ገሱባ፣ መጨረሻ ቢጠና። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይሳሳተውም። እርሳቸው ግን ስም የሌለው ነገር አይመረቅም ብለው በደማቅ ቀይ ቀለም ሰሌዳ አጻፉ፤ ሰቃዮቹም የተቋራጩን ሥዕል ይዘው በየቦታው ሰቀሉት።

ዓመለወርቅ እንግዶች ወንበር ሲይዙ በግቢው አጥር አጠገብ አለፈች፤ ቆመችም። «ገሱባ» የሚለው ሰሌዳ የቦምቤ ብሬከር ላይ ተሰቅሏል። «ቦምቤ» የሚለው ገሱባ ላይ። ሥዕሉን አውጥታ አየችው። ተቋራጩ የቆጠረው ከመቆጣጠሪያው ቤት ጀምሮ ወደ በሩ ነበር። ሰሌዳው የተጻፈው ከዚያ ሥዕል ነው፤ ስክሪኑም የተሠራው ከዚያው ሥዕል ነው። እንግዳው «ቦምቤ» ብለው ሲጫኑ የሚበራው ገሱባ ነው። ገሱባ መስመር ላይ ደግሞ ቦሼ አለ።

ሬዲዮ ይዛ ጠራችው፤ ሸለቆ ውስጥ ነበርና የመለሰላት የሬዲዮው ጫጫታ ብቻ ነው። ስልኩም ዝግ ነው። ወደ ድንኳኑ ሮጠች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ ማይክራፎኑ ሊወጡ ነው። በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«በመርህ ደረጃ ነው ወይስ በተግባር?» አሉ።

«ቦሼ ምሰሶ ላይ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ሰሌዳዎቹን አዩ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ዓመለወርቅ ያችን የማጥራት ሥራ የሚሏትን ቃል ጠበቀች፤ ለእሷም የሚሆን መልስ አዘጋጅታ ነበር፣ ሰው ፊት የማይነገር።

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?»

«አንድ ሰዓት። የተቋራጩ ማኅተም መሰበር አለበት፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ያስቀጣል።»

«እኔ ያየሁት ማኅተም የለም። ሂጂ» አሏትና ሪፖርታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ዓመለወርቅ ግቢው ውስጥ ገብታ በእጅ የሚሠሩትን የሁለቱን መስመሮች ማለያያ፣ ሽቦውን ከብሬከሩ የሚነጥለውን ማለት ነው፣ ከፈተች፤ በየአንዳንዱም ላይ ከአባቷ ሱቅ የመጣ የጋን ቁልፍ ቆለፈች። አሁን ብሬከሩ ቢዘጋም፣ ማለትም ቢበራም፣ ወደ ሽቦው ኮረንቲ አይሄድም። ይህን እያደረገች ሳለ በድምፅ ማጉያው የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ድምፅ መጣ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ እሳት ምንድን ነው?»

ዓመለወርቅ ፈጠነችን ከስክሪኑ ፊት አስቀምጣ «ቦምቤ»ን እንድትጫን በሬዲዮ አዘዘቻት። የገሱባው ብሬከር ዷ ብሎ ዘጋ። አጠገቡ ቆማ ነበርና ድምፁ እስከ ጉልበቷ ድረስ ተሰማት። ቁልፉን ነካ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ማኅተሙን በፒንሳ ቆርጣ ሣጥኑን ከፈተች።

ድንኳኑ ውስጥ እሳት ወደ ኩራዝ፣ ኩራዝ ወደ ፋኖስ ተሸጋገረ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ዝናብ የትኛውን ወንዝ እንደሚመግብ ተብራራ። መድረክ መሪው ብጣሽ ወረቀት አቀበላቸው፤ ተቀብለው አመሰገኑት፣ ለአስተያየቱ በመጨረሻ እመለሳለሁ አሉ። የክብር እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ብልህ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሕዝቡም በተስፋ ተከተለው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «ይህ እንግዲህ መግቢያው ነው» አሉ። የካሜራ ባለሙያው ካሴት አለቀበት። የተሰቀለው ቁርጥ ዝንብ አገኘው፤ የቃሪያ ማባያው ዳጣ ግን አሁንም ያው እሳት ነበር። እርሳቸው ሶዶ ውስጥ የተተከሉትን ምሰሶዎች በየሰፈሩ እየጠሩ አንድ በአንድ ማመስገን ጀምረዋል።

እንግዶቹ ያላስተዋሉትን ዓመለወርቅ ከሣጥኑ ቀና ባለች ቁጥር ታየው ነበር። ሰውዬው ሲናገሩ ሕዝቡን አያዩም። የሚያዩት አጥሩን ነው። ሱፋቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

የትእዛዝ ሽቦዎቹን አቀያየረች። «ቦምቤ» ተባለ፣ ቦምቤ ታዘዘ፤ «ገሱባ» ተባለ፣ ገሱባ ታዘዘ። የቀሩትን ሁለት መስመሮች ከስክሪኑ ትእዛዝ ነጥላ ለማግስቱ አሳደረቻቸው። የገሱባን ቁልፍ እንደ ተቆለፈ ትታ የቦምቤን ፈታች፤ ማለያያውንም ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ መሰላል አስደግፋ ሁለቱን ቀይ ሰሌዳዎች አወረደች፣ አቀያይራም ሰቀለቻቸው።

በድምፅ ማጉያው ስለ አንድ ምሰሶ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ቆመ።

«ባጭሩ፣ ተጠናቋል» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፤ ወረዱም። መቶኛ አልጠሩም። ይህን ያስተዋለችው ዓመለወርቅ ብቻ ናት።

ቦምቤ በራ፤ እልልታውም በስልክ መጣ። ቦሼ ወደ ማታ ተመልሶ ከዳጣ በቀር የተረፈ ነገር አለመኖሩን ሲሰማ አዘነ፤ የንግግሩን ርዝመት ሲነግሩት ግን ፈጣሪውን አመስግኖ ተጽናና።

በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ተጠራ፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሁለት ድክመት ተገመገሙ። አንደኛው የክብር እንግዳን ጊዜ በንግግር ማባከን ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። በአዲሱ የቢጠና ፕሮጀክት ዕቅድ ላይ ለፍተሻ አርባ በመቶ ሰጥተው፣ ድንኳን ከፍተሻ በኋላ እንዲተከል ስላዘዙ፣ ዕቃው ሁሉ ታስሮ ሳለ አፈጻጸሙ ከስልሳ አላለፈም። መሥሪያ ቤቱ ከክልሉ ወደ ኋላ ቀረ። ሒስ ዘነበ። አንዱ ሰውዬው ሲናገሩ ሁለት እንግዶች አንቀላፍተዋል አለ፤ ሌላው ሦስት ናቸው ብሎ አረመው። እርሳቸው ስለ ሰሌዳው ትንፍሽ አላሉም፤ ስለ ሰሌዳው ከተነሣ ስለ ማኅተሙም ይነሣልና።

ሰብሳቢው «ዘጠና ስምንት» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው ያውቁ ነበርና ወደ ዓመለወርቅ ዞሩ፤ እሷ ካልተቸቻቸው ማን ሊተቻቸው።

«ስለ ንግግሩ ምን ትያለሽ?»

«ለእኔ አጠረብኝ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አሁንም አልሳቀችም።

ተራው የተገምጋሚው ሆነ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተነሥተው ሱፋቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። አዳራሹ ገና ከእሳት ይጀምራሉ ብሎ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ሒሱን ዘጠና ስምንት በመቶ ተቀብያለሁ» አሉ።

«ሁለቱስ?» አሉ ሰብሳቢው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግረው አዩ።

«እሱ እዚያ ከኋላ ተቀምጧል» አሉና ቁጭ አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረ። በመጨረሻው ወንበር ላይ የበቆሎ ቆሎ የሚቆረጥመው ቦሼም ማን ይሆን ብሎ ወደ ኋላው ዞረ፤ ከግድግዳው በቀር ማንም አልነበረም።