ለጋሼ በየነ የሚሆን ለስላሳ ጠርሙስ

መጠጥ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ሰው ዝም ብሎ ይጠጣል። መጠጥ በተከለከለበት ከተማ ግን ሁሉም ሰው የመጠጥ ሊቅ ነው። ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ይሄን ታዝቤአለሁ። አመሻሽ ላይ ዴም ሠፈር ካለችው ልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥተን፣ የአበባ ሻያችንን፣ ከርከዴያችንን፣ ይዘን ስንቀመጥ፣ አገሩ ሳለ ከጠላ ሌላ ቀምሶ የማያውቀው ሁሉ ስለ ውስኪ ዕድሜና ስለ በርሜሉ እንጨት ይተነትንልን ነበር። አትፍረዱብን። እናንተስ ስለ ክትፎ አብዝታችሁ የምታወሩት ጾም ሲገባ አይደል?

ታዲያ አንድ ሰሞን የምር የሚመረጥ ነገር መጣ። ወዳጄ ተስፋዬ ቡሪ ሠፈር አንድ አሜሪካዊ ኸዋጃ ቤት ምግብ አብሳይ ነበር፤ ኸዋጃ እዚያ ፈረንጅ ማለት ነው። ሰውየው አገሩ ሊመለስ ሲል ተስፋዬን ፖርት ሱዳን ያለ ወዳጁ ዘንድ አስቀጠረው። ሥራው ጥሩ፣ ባሕሩ ጥሩ፣ ሁሉም ጥሩ። ክፋቱ፣ ወሩ ሳያልቅ መሄድ አለበት፤ ጀብራ ሠፈር ደግሞ የሚወዳት ገነት አለች። ገነትን ሳያገባ ከሄደ፣ እሱ እንደሚለው፣ ሄደ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው።

ገነትን ለማግባት በአጎቷ በጋሼ በየነ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ጋሼ በየነ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው እምቢ አይሉም። እሺም አይሉም። «ጎንደር ያሉትን ዘመዶች ላማክርና፣ ኢንሻላህ፣ ትመለሳላችሁ» ብለው በክብር ይሸኛሉ። ጎንደር ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ተስፋዬ ፖርት ሱዳን ላይ ጡረታ ይወጣል። ክፋት ኖሯቸው እንዳይመስላችሁ። ወላጆቿ የሞቱባትን ልጅ ከሕፃንነቷ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ እሷ ከወጣች ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እሳቸውና ሬዲዮናቸው ብቻ ናቸው። ይሄን እያወቅን ጨከንባቸው። የሚታወቅ ድክመት ነበራቸዋ! የአገሬውን የቴምር አረቄ «ይሄ ለመኪና ባትሪ ነው» ብለው ንቀው ትተውት፣ ማምሻውን እግር ዘርግተው ቀስ እያሉ የሚጎነጩት ለስላሳ ውስኪ እንደናፈቃቸው ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር።

ኸዋጃው የተስፋዬን ጭንቀት ሲሰማ ቁም ሳጥኑን ከፈተለት። ውስጡ ሦስት ዓይነት ቡርቦን አለ፤ ቡርቦን አሜሪካኖች ከበቆሎ የሚያወጡት ውስኪ ነው። ከየዓይነቱ የተጀመረም ያልተከፈተም ነበረው። «ከተጀመረው ቅመስ፣ ካልተከፈተው አንዱን ለሽማግሌዎችህ ውሰድ» አለው። ተስፋዬ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ጽሑፉን አነበበ፤ ሦስቱም ጠርሙሶች ለስላሳ ነኝ ይላሉ። ጠርሙስ መቼም ስለ ራሱ ክፉ አይናገርም።

ስለዚህ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት በባዶ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ ቀድቶ ወደኛ ዘንድ ወደ ዴም መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ጢማቸው የረዘመ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጠው ብልቃጦቹን አዩ፤ እንዳይያዝ ፈርቶ ላብ በላብ የሆነውንም ልጅ አዩ፤ ከልባቸው አዝነው «ሰላምታክ ያ ወለዲ» አሉት፤ ይማርህ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያ ምርቃት ነው የደረሰው።

ለመራጭነት እትዬ ዘነበችን ጠራን። እትዬ ዘነበች አገር ቤት አረቄ አውጥተው ልጆች ያሳደጉ ናቸውና በዚህ ነገር ማንም አይደርስባቸውም ብለን ነው። «የበቆሎ አረቄ ነው በሉኛ!» አሉና ክብሪት ጠየቁ። እናንተ ሌላ ቦታ ውስኪ ሲመረጥ አይታችሁ ይሆናል፤ በአፍንጫ ያሸታሉ፣ በምላስ ያገላብጣሉ። እኛ በእሳት ነው የምንመርጠው። ሳህን ላይ ጠብ ተደርጎ ይለኮሳል፤ የነደደ ጥሩ ነው፣ ያንቀላፋ ውሃ ገብቶበታል።

የመጀመሪያው እየለገመ ነደደ። እትዬ ዘነበች አሸተቱትና «ይሄ ኬክ ነው» ብለው ገፉት። ሁለተኛው እንጨት እንጨት ሸተታቸው። «በርሜሉን ሳያጥቡ ነው የቀዱበት» አሉ፤ ያዘኑት ለኸዋጃው ነው። ሦስተኛው ክብሪቱ ገና ሳይጠጋው ቡፍ ብሎ ተነሣና የጠረጴዛውን ላስቲክ ጠርዙን በላው። እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው «ይሄ ነው እንጂ!» አሉ። እኔ ከንፈሬን አስነካሁት፤ ጆሮዬ ጋለ።

«እትዬ፣ ለስላሳ እኮ ነው የተባለው» አልኩ ድምፄ ሲመለስልኝ።

«ለስላሳ ማለት ውሃ ያልነካው ማለት ነው» ብለው ፈረዱ። ተስፋዬም ሁለቱን ለስላሳዎች ትቶ እሳቱን መረጠ።

በማግሥቱ የዚያኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ አዲስ በሰፋሁት ጀላቢያ ጠቅልዬ ከአቶ ወርቁ ጋር ጀብራ ሄድን። አቶ ወርቁ የሽማግሌዎች ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ በየነ ተቀበሉን፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ዓይናቸው አብሮት ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ቅመሱ እንጂ» አሉ፤ እጃቸው ወደ ቡሹ እየሄደ።

«ጉዳያችን ሳያልቅ እህል ውሃ አንቀምስም» አሉ አቶ ወርቁ። ደንቡ ነዋ፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አፉን አይከፍትም። እንግዳው ጦሙን ተቀምጦ ደግሞ ባለቤት ብቻውን አይጠጣም። ለካ ስንት የተጨነቅንበት ጣዕም ዋጋ አልነበረውም። ጠርሙሱ ሳይከፈት ነው ሥራውን የጀመረው።

«እንግዲህ ጎንደር ያሉትን ዘመዶች...» ብለው ጀመሩ ጋሼ በየነ።

«ትክክል ነው፤ ዘመድ መማከር አለበት» አሉና አቶ ወርቁ ጠርሙሱን ቀስ ብለው አንስተው እንደገና ጀላቢያው ላይ አጋደሙት። «እኛም ይሄን ይዘን ያን ጊዜ እንመጣለን።»

ጋሼ በየነ ጠርሙሱን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ «ገነት! አንቺስ ምን...» ሲሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ «እሺ ብያለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ሐዘን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ በመጨረሻ። «ሰጥቻለሁ። ክፈቱት።»

ቀዳሁላቸው። ቀስ ተብሎ የሚጠጣውን ነገር፣ በአረቄ ልማድ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው በአንድ ትንፋሽ ከተቱት። ወዲያው ዓይናቸው ቀላ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ትንፋሽ ጠፋ። እኔና አቶ ወርቁ ተያየን፤ ልጅቷ ከእጃችን የወጣች መሰለኝ። ጋሼ በየነ ግን መጠጥ አሸነፋቸው መባልን ከሞት አብልጠው የሚፈሩ ሰው ናቸው። ደረታቸውን ነፍተው፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ለስላሳ ነው» አሉ። «በጣም ለስላሳ ነው!»

ያን ጊዜ ገነት ከጓዳ ወጣች። አጎቷ ሲያለቅሱ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች። «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ትወደኛለህ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እጃቸው ሄዶ ራሷ ላይ አረፈ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ እንባ መጣ፤ ይሄኛውን እንኳ ሊያብሱት አልሞከሩም።

ድንገት ሁላችንም እያየናቸው እንደሆነ ነቁ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «መጠጡ ነው እንጂ! ኃይለኛ ነው፣ እሳት ነው የሰጣችሁኝ!»

«ልክ ነው ጋሼ፣ መጠጡ ነው» አልኩና ብርጭቋቸውን ሞላሁላቸው።