የአቶ ገነነ የመንገደኛ ሰዓቶች

ለሕዝብ ሲሉ ራሳቸውን የሚሠዉ ኃላፊዎች ጠፉ እየተባለ በሚታማበት በዚህ ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ኃላፊው አቶ ገነነ ይባላሉ። አቶ ገነነ ዐሥራ አንድ የእጅ ሰዓት አሏቸው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ሰዓት ዝም ብሎ የሚቆጥር እንዳይመስላችሁ። ድሮ በአውሮፕላን ሲመላለሱ የኖሩ ከበርቴዎች ያጠልቁት የነበረ፣ አራት ቆጣሪ ያለው፣ የሁለት አገር ሰዓት ባንዴ የሚያሳይ የስዊስ የመንገደኛ ሰዓት ነው። እርግጥ እሳቸው ከደብረ ማርቆስ አልፈው አያውቁም። ቢሆንም ሰው ለመንገድ መዘጋጀቱ እንጂ መሄዱ ምን ያደርግለታል?

እርጥበት የሰዓት ጠላት ስለሆነ፣ በማኔጅመንት ውሳኔ የቢሮው ደህና ቁም ሣጥን ለሰዓቶቹ ተሰጠ። በውስጡ የነበረው የገበሬ ማመልከቻ ሁሉ ኮሪደር ላይ ወጣ። ከነዚያ ማመልከቻዎች አንዱ የአያ ቢሆነኝ ነበር።

አያ ቢሆነኝ ከቡሬ ገጠር፣ የአርባ ሁለት አባወራ ተወካይ ሆነው የመጡ ገበሬ ናቸው። ማዳበሪያው መጋዘን ደርሷል። የጎደለው የአቶ ገነነ ፊርማ ብቻ ነው። ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ በቆሎው ካልተዘራ ደግሞ የዓመቱ እንጀራ አለቀለት።

«ሰብለ፣ ጌታው አሉ?» ሲሉ ጸሐፊዋን ጠየቋት።

«አሉ፤ ግን ሰዓት እየሞሉ ነው።»

«መቼ ይጨርሳሉ?»

«ዐሥራ አንድ ናቸው እኮ አያ።»

በሦስተኛው ሳምንት አያ ቢሆነኝ ገቡ። አቶ ገነነ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «አያ ቢሆነኝ፣ አሁን ጄኔቭ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃሉ?» አሏቸው።

«ኧረ እኔ የት አውቄ ጌታው! እኔ የማውቀው ሰኔ መግባቱን ነው።»

«ችግራችሁ ይኸው ነው። አድማሳችሁ ጠባብ ነው። ጊዜ ዓለም አቀፍ አጀንዳ ነው! ጊዜ ለኩሉ ይላል መጽሐፉም።»

እኔ ብሆን እዚያው አንዱን ሰዓት አንስቼ በድንጋይ እቀጠቅጠው ነበር። አያ ቢሆነኝ ግን እጅ ነሥተው ወጡ። በማግስቱ ተመልሰው መጡና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩ። ሟቹ አባታቸው መንገድ ሲሠሩ፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሰጣቸው ሰዓት ነው።

አቶ ገነነ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰብለ እንደምትምለው፣ ለባለጉዳይ ሲነሡ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አራት ቆጣሪ አለው?»

«አራት።»

«ይሠራል?»

«እናቴ ጧት ጧት ይሞሉታል።»

«የት ነው ያለው?»

«ተቤት ነው። ማዳበሪያው ሲገባ አብረው ቢመጡ ያዩታል።»

ሦስት ሳምንት የፈጀው ጉዳይ በሦስት ደቂቃ ተጠናቀቀ። ፊርማው ተፈረመ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ መኪናው ተጫነ። ሰኔ ሰባት ቀን አቶ ገነነ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ወደ ገጠሩ ወረዱ። መሥሪያ ቤቱም «ኃላፊው በአካል ወርደው የአርሶ አደሩን ችግር ከሥር ከመሠረቱ ፈቱ» የሚል ሪፖርት ለበላይ አካል ላከ። ውሸትም አልነበረበትም።

ጭነቱ ወረደ። አርባ ሁለቱ አባወራ ድርሻ ድርሻቸውን በአህያም በትከሻም ይዘው ተበተኑ። አቶ ገነነ በአያ ቢሆነኝ ደጅ፣ ጭቃው ላይ ቆመው ቀሩ።

«እሺ፣ ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱን የሚይዙት እናቴ እመት ሥርጉት ናቸው።»

«የት አሉ?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«የምን ስብሰባ?»

«የሥላሴ ማኅበር።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«እሱን እንኳ ማወቅ አይቻልም ጌታው። ለማንኛውም ጉዳይዎን በማመልከቻ ቢያደርጉት ይሻላል።»

አቶ ገነነ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አያ ቢሆነኝ አልሳቁም። መደብ አሳዩዋቸውና ጥማዳቸውን ይዘው ወደ ማሳ ወረዱ። አቶ ገነነ እስኪመሽ አንድም ሰው ሳያናግራቸው ተቀመጡ። እንዲህ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ሲያውቁት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ፀሐይ ስትጠልቅ እመት ሥርጉት ከማኅበሩ መጡ። ሰዓቱ በእጃቸው ላይ ነበር። እንግዳው ዘለው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት ጀመሩ። እሳቸው ሲጨርሱ እመት ሥርጉት የጥበባቸውን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው ሰዓቱን አዩ።

«ሥራ አብቅቷል ጌታዬ» አሉ፤ «ሰኞ ይመለሱ።»