የሁለት ተኩል ፍሬው ስምምነት

ታላላቅ ስምምነቶች የሚፈረሙት በቤተ መንግሥት ነው የሚል አጉል እምነት አለ። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ባለው መስመር ላይ፣ ከትሕትናው ብዛት ስሙ እንዳይነሳ ራሱ በጠየቀ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአልጋ ቁጥር አራት ዙሪያ የተደረገውን ስምምነት ያየ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይናገርም። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ማኅተምም አርፎበታል።

አልጋ ቁጥር አራት ላይ የተኙት ሐጂ ሙሄዲን የመርሳ እህል ነጋዴ ናቸው። ንግዱ ለእንጀራ ነው፤ ክብራቸው ግን ሽምግልናው ነው። ከአበጋር ዘር፣ ከአስታራቂ አባት ተወልደው፣ ድንበር የተጋፋ ገበሬ፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ ተራ የተሻማ ሹፌር ሲያስታርቁ አርባ ዓመት ኖረዋል። ፍርዳቸው አንድ ነው፦ መሀሉ። አንዱ አሥር፣ ሌላው ሁለት ካለ ስድስት ነው። በዚህ ፍርድ ሁለቱም ወገኖች እኩል ይከፋቸዋል፤ እኩል የከፋቸው ሰዎች ደግሞ ታርቀዋል ይባላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ሲሪንቃ ላይ ሁለት ወንድማማቾች የተካሰሱበትን አንድ በሬ እኩል ሊያካፍሉ ጥቂት ሲቀራቸው ደረታቸውን ከባድ ነገር ተጫናቸው። ግራ እጃቸው ዛለ፤ ላብ አጠመቃቸው። በሬው ዕድሜ ቀጠለለት፤ ሐጂ በሚኒባስ ተጭነው ሆስፒታል ደረሱ። ዶክተር ብሩክ የልባቸውን ምርመራ ወረቀት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ሐጂ፣ ልብዎን በሚመግበው ደም ስር ውስጥ ደም እየረጋ ነው። ጨርሶ ከዘጋው አደጋ ነው። ይሄን አስፕሪን አሁኑኑ አኝከው ይዋጡ። ሌላ ክሎፒዶግሬል የሚባል አለ፤ ዛሬ አራት ፍሬ በአንዴ፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ ይወስዳሉ።»

እርቅ ደም ያድርቅ ይላሉ አበው። የሐጂ በሽታ ደማቸው መድረቁ መሆኑን ያስተዋለ ግን አልነበረም።

አስፕሪኑ ያለ ክርክር ታኘከ። ሁለተኛውን ልታመጣ ወደ መድኃኒት ክፍል የሮጠችው ነርስ ናጅዋ ስትመለስ ግን የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሞላ ተከትለዋት መጡ። በአንድ እጃቸው አራቱን ፍሬ፣ በሌላው ማኅተም ያረፈበት መመሪያ ይዘዋል።

«ዶክተር፣ በመመሪያው መሠረት ይህ መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ በቀን አንድ ፍሬ ነው» አሉ።

«እሱ ከነገ ጀምሮ ነው። ዛሬ አራት ካልሆነ ቶሎ አይሠራም።»

«መመሪያው ዛሬና ነገን አይለይም።»

«አቶ ሞላ፣ ሰውየው እኮ እየታመሙ ነው! ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ሐጂ አይጠብቁትም» አለች ናጅዋ። ነርስ ተረት እንድትተርት የሚፈቅድ አንቀጽ በመመሪያው ስላልነበረ አስተያየቷ አልተያዘላትም።

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ደረታቸው ይነዳል። ቢሆንም ሰው አጠገባቸው ሲጣላ ዝም ብሎ መተኛት ለእሳቸው ከደረት ውጋት ይብሳል።

«ልጆቼ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «በኔ ፊት ትጨቃጨቃላችሁ? በምፈርደው ትገባላችሁ፣ ፍርዴን ትቀበላላችሁ ወይ?»

«እገባለሁ» አሉ አቶ ሞላ ወዲያው።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሕክምና ነው፤ ሽምግልና አይደለም» አለ ዶክተር ብሩክ።

«ትገባለህ ወይ ነው ያልኩህ። ደግሞስ የማን ልጅ ነህ?»

«የብርሃኔ ልጅ ነኝ፤ የመርሳዋ።»

«እናትህንና አባትህን ማን ያስታረቃቸው ይመስልሃል? ያኔ እኔ ባልኖር አንተ የት ነበርክ?»

ዶክተር ብሩክ ብዙ ዓመት ተምሯል። የሽማግሌ ቃል ረገጠ ከሚለው ስም የሚያድን መድኃኒት ግን የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘም። አንገቱን ደፍቶ «እገባለሁ» አለ።

«አንተ አራት ትላለህ፤ እሳቸው አንድ ይላሉ። ሲደመር አምስት ነው፤ መሀሉ ሁለት ተኩል። በሉ ተነሱና ተሳሳሙ።»

ተሳሳሙ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ መልካሙ ለምስክርነት ተጠርተው መጡና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምላጭ ተፈለገ፤ አንዱ ፍሬ በጥንቃቄ ለሁለት ተከፈለ። ሐጂ ሁለት ተኩሉን ሲውጡ ጭብጨባ ሆነ። የተረፈው አንድ ተኩል ፍሬ «የእርቁ መታሰቢያ» ተብሎ ፖስታ ውስጥ ገባ፤ መዝገብ ቤት እንድታስቀምጠውም ለናጅዋ ተሰጣት። በቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱም ወገኖች በሙሉ ድምፅ መስማማታቸው ተጻፈ። የረጋው ደም ሦስተኛ ወገን ቢሆንም ለስብሰባው አልተጠራም ነበር።

ሰዎቹ እየተመራረቁ ሲወጡ ናጅዋ ወደ መዝገብ ቤቱ ጥቂት ተራመደችና ተመለሰች።

«ሐጂ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ከእርቁ የተረፈው።»

«ኧረ! እርቁስ?»

«እርቁ የሁለቱ ነው። ልቡ የአንቱ ነው።»

ሐጂ በሩን አዩ፤ ማንም የለም። እውነቱ ይነገር ከተባለ በጣም ፈርተው ነበር። መሞት አልፈለጉም፤ በግማሽም ቢሆን አልፈለጉም። ቢስሚላህ ብለው አንድ ተኩሉን ዋጡ። ናጅዋ ባዶውን ፖስታ አሽጋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ መዝገብ ቤት አስገባች።

ከሰዓት በኋላ ውጋቱ ሰከነ። በማግሥቱ ሐጂ ቀና ብለው አጥሚት ጠጡ። በሦስተኛው ቀን በሆስፒታሉ በር ላይ «በመግባባት ላይ የተመሠረተ የመድኃኒት አሰጣጥ ሕይወት ይታደጋል» የሚል ባነር ተሰቀለ፤ ምርጥ ተሞክሮውን የሚቀምር ቡድንም ከሌላ ከተማ መጣ። አቶ መልካሙ ዶክተር ብሩክንና አቶ ሞላን አስከትለው እንግዶቹን ወደ አልጋ ቁጥር አራት መርተው፣ ሐጂ የመዳናቸውን ምስጢር በአጭሩ እንዲያብራሩ ጋበዟቸው።

«መሀሉ ነው» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ጠርገው። «አላህ የሰጠን መድኃኒት መሀሉ ነው።»

ናጅዋ በዚያች ሰዓት የደም ግፊታቸውን እየለካች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። ሐጂ ጣሪያውን አዩ። ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመዘገበ።

ቡድኑ የእርቁን መታሰቢያ ፎቶ ማንሳት ፈለገ። ፖስታው በክብር መጣ፤ በክብር ተከፈተ። ባዶ ነው።

«ማነው የወሰደው?» አሉ አቶ መልካሙ።

«ሰጠኋቸው» አለች ናጅዋ። «የዚያኑ ቀን ሁሉንም ሰጠኋቸው። ሐጂ የወሰዱት አራት ፍሬ ነው።»

ሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ነበረው፦ ሐጂን የረዳቸው አራቱ ፍሬ ነው ብሎ ማመን፣ ወይም ናጅዋን መክሰስ። የመጀመሪያው ባነሩን ማውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ አቶ መልካሙ «የእርቅ ማፍረስ ጥፋት» በሚል አዲስ አንቀጽ፣ ናጅዋ አንድ ወር ከሥራ እንድትታገድ ሐሳብ አቀረቡ። አስታራቂ ፊት ተቀምጦ ዳኛ መፈለግ ግን ነውር ነውና ጉዳዩ ለሐጂ ተመራ።

«ሐጂ፣ አንቱ ያውቁታል» አለች ናጅዋ። «ቀኑን ሙሉ ስለ አንቱ ስፈራ ነበር። እኔ ምንም ቅጣት አይገባኝም።»

ሐጂ ያውቁታል። አፋቸው ድረስም መጥቶላቸው ነበር። ነገር ግን ያዳነኝ አራቱ ነው ቢሉ፣ አርባ ዓመት መሀል ላይ የከፈሏቸው ድንበሮች፣ ጥሎሾችና በሬዎች ሁሉ ነገ ጠዋት በራቸው ላይ ተሰልፈው ይግባኝ ሊሉባቸው ነው። እንግዶቹ ደግሞ ብዕራቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ወርና ምንም፤ መሀሉ አሥራ አምስት ቀን።»

ናጅዋ የግፊት መለኪያውን ጠቀለለች። «እሺ» አለች።

በዚህ መሀል የቀኑ መድኃኒት ሰዓት ደረሰ። ናጅዋ አንዱን ፍሬ ይዛ ስትመጣ አቶ ሞላ እጃቸውን አወጡ።

«ሕመምተኛው በመጀመሪያው ቀን ከስምምነቱ በላይ አንድ ተኩል ፍሬ ስለወሰዱ፣ ዛሬ ምንም ሊሰጣቸው አይገባም።»

«አንድ ቀን እንኳ መዝለል የለባቸውም!» አለ ዶክተር ብሩክ። «ደሙ ተመልሶ ሊረጋ ይችላል!»

አንዱ አንድ አለ፤ ሌላው ምንም። እንግዶቹ ተሞክሮውን በዓይናቸው ሊያዩ ነውና ወደ ሐጂ ጠጋ አሉ። ናጅዋ ምላጩን ከኪሷ አውጥታ ፍሬውን ሳህን ላይ አስቀመጠች።

«ይፍረዱ ሐጂ።»

ሐጂ ምላጩን አዩ፤ ከዚያ ፍሬዋን አዩ። በዕድሜ ዘመናቸው ጮኸው የማያውቁት ሰውዬ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮኹ።

«ሙሉውን! ይሄ አይከፈልም፤ ሙሉውን አምጪ!»

ማንም ሳይመዘግበው ነጥቀው ዋጡት።

«የናጅዋስ ነገር?» አለ ዶክተር ብሩክ።

«የሷ በእርቅ አልቋል» አሉ ሐጂ አፋቸውን እየጠረጉ። «ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም።»

እንግዶቹ ይህንን በጥንቃቄ ጻፉ። ናጅዋ ጋውኗን አወለቀች፤ አጣጥፋም ክንዷ ላይ አደረገችው።

«አላህ አፊያዎን ይስጥዎ ሐጂ። ቅጣቴ ከአሁን ይጀምራል።»

«ቆይ ልጄ» አሉ ሐጂ ድንገት ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ነገ መድኃኒቴን ማን ይሰጠኛል?»

«ተተኪ ነርስ እስኪመደብ አቶ ሞላ ናቸው» አለችና ምላጩን አስረከበቻቸው፤ አቶ ሞላም ፈርመው ተረከቡ።